ዲች የለም ያለው ሰውዬ

ሜርቪን ትራንተር ከአውቶቡስ ሾፌርነቱ ጡረታ ወጥቶ እጁ ሥራ ሲፈታ ካርታ መሥራት ጀመረ። ማንም እየገባ የሚያስተካክለው የኢንተርኔት ካርታ አለ፤ ሜርቪን በአውስትራሊያ ሰሜን ኩዊንስላንድ ባለችው የሸንኮራ አገዳ ከተማው ያሉትን የውሃ መውረጃዎች አንድ በአንድ ያስገባበት ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ኩራቱ ግን የሚኒስትር ነው።

ጠቡ የተነሣው በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በአገዳው ማሳ ዳር የሚሄደውን መውረጃ «ድሬን» ብሎ አስገባው። አልዊን የሚባል፣ ከእንግሊዝ ረግረጋማ አገር የሆነ ሌላ ካርታ ሠሪ፣ «እኛ ዘንድ ድሬን ማለት ጀልባ የሚቀዘፍበት ነው። ያንተ ትንሽ ቦይ ነው፤ ዲች ይባላል» ብሎ ለወጠበት። ሜርቪን ወደ ድሬን መለሰው። አልዊን እንደገና ለወጠ። በመጨረሻ ሜርቪን አህጉሩን በሙሉ ወክሎ፣ «በአውስትራሊያ ምድር ዲች የሚል ሰው የለም!» ብሎ ጻፈ።

«አህጉሩ ወክለኝ ብሎሃል?» አለችው ሚስቱ ግሌኒስ። አልሰማትም። ለማስረጃ መውረጃውን ፎቶ ሊያነሣ በዚያ ዝናብ ፒካፑን አስነሥቶ ወጣ።

ዳር ይዞ ሊያቆም ሲል ጭቃው ከዳው። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንሸራታ በጎኗ ውሃው ውስጥ ተኛች። ሜርቪን በመስኮት ወጥቶ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ትራክተር ላለው ጎረቤቱ ለሳንቶ ፓቫን ደወለ።

«ሳንቶ፣ ድሬን ውስጥ ገብቻለሁ፤ ድረስልኝ!»

ሳንቶ ቆይቶ መልሶ ደወለ። «የት ነህ አንተ? ድሬኑ ጋ ደርሻለሁ፤ ዳክዬ ብቻ ነው የማየው።»

«የቱ ድሬን?»

«ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ያለው፣ ትልቁ የሲሚንቶ ነዋ!»

«እኔ ያለሁት ያንተው አገዳ ዳር ነው!»

«እንዴ! እሱማ ዲች ነው።»

ሜርቪን ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አፈጠጠበት።

«ሜርቭ? አለህ?»

«ማነው ዲች የሚለው?»

«አባቴ ይለዋል፣ እኔ እለዋለሁ። አሁን ዲች ውስጥ ነህ አይደለህም? ትራክተሩን ላዙረው ወይስ ቤቴ ልግባ?»

ውሃው ጭኑ ደርሷል። «ዲች ውስጥ ነኝ» አለ በለሆሳስ።

«አልተሰማኝም።»

«ዲች ውስጥ ነኝ!»

ማታ ጉዱን ሳይደብቅ ለአልዊን ጻፈለት። አልዊንም፣ «እውነቱን ልንገርህ፤ እኛ መንደር ግማሹ ሰው ዲቹን ዳይክ ነው የሚለው። እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው የደበቅሁህ» ብሎ መለሰ። ሜርቪን ብቻውን እስኪያስለው ሳቀ።

በማግስቱ በየቤቱ እየዞረ ያንን መውረጃ ምን እንደሚሉት ይጠይቅ ጀመር። ሃያ ዓመት እጅ ብቻ እያነሣ ያለፋቸው ሰዎች ግባ፣ ተቀመጥ አሉት። ከጣሊያን የመጡት የሳንቶ እናት ፓስታ አቅርበውለት፣ «ፎሶ ነው ልጄ፤ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ያወራል» አሉት።

«እና ካርታው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?» አለችው ግሌኒስ።

«ቆይ እስቲ» አላት ቀበቶውን እያላላ፣ «ገና ግማሹ መንደር ቤት ገብቼ አልበላሁም።»