ንስሩ ሰንጢ ሲመርጡ

ሰፈሩ ሁሉ «ንስሩ» የሚላቸው ሽማግሌ አዳኝ የመደብሩን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ እየዳሰሱ ወጡ። ስሙ የወጣላቸው ድሮ ነው፣ ሚዳቋን ከኮረብታ ማዶ በጆሮዋ ጫፍ ብቻ ይለዩ በነበረ ጊዜ። አሁን ዓለም ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ሆናባቸዋለች፤ ሰው ጥላ ነው፣ መስኮት የብርሃን ኩሬ። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ልጃቸው ካወቀች አደን መውጣት ቀረ ማለት ነው፤ አደን ከቀረ ደግሞ እሳቸው ምን ቀራቸው?

ልጃቸው የአውቶቡስ ሾፌር ናት። የድሮው ሰንጢ መቆለፊያው ላልቶ ጣታቸው ላይ ስለታጠፈ፣ ደህና ሆኖ ኪስ የማይጎዳ እንፈልግ ብላ ይዛቸው መጣች።

ባለሱቁ ሦስት ሰንጢ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። «ይኼኛው ወደድ ይላል፣ አባት። ግን ሲያዩት ዓይን ይማርካል።»

«በዓይኔ ነው እንዴ የምገፍፈው?» አሉና ጭራሽ ጨፈኑት። ባለሱቁ የባለሙያ ጥበብ መስሎት ሰንጢዎቹን አንድ በአንድ እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

ውዱ ስለቱ ረጅም ነው፤ ሆድ ሲከፈት አንጀት ይበሳል። ሁለተኛው፣ ርካሹ፣ ገና ሲዘረጋ እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ሦስተኛው አጭር ነው፤ እጀታው ሻካራ፣ ደም ከነካው እጅ እንኳ የማያመልጥ። ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ንስሩ እዚያው እንደቆሙ ጫካ ገቡ። እርጥብ ሣር ሸተታቸው። ክንዳቸው እስከ ክርኑ በሚዳቋዋ ሙቀት ውስጥ ጠለቀ፣ ጣታቸውም ከስለቱ ቀድሞ በጨለማው መንገድ ፈለገ። እዚያ ውስጥ ማንም አያይም፤ እዚያ ውስጥ እሳቸው ከማንም አያንሱም። ደስ አላቸው፣ ደስታው ደግሞ አፋቸውን ፈታው።

«ይኼ ነው! ጥቁር እጀታም እወዳለሁ።»

«ጥቁር?» አለ ባለሱቁ። የንስሩ ልብ ድንግጥ አለ።

«አዎ፣ ጥቁሩን ጠቅልልልን» አለች ልጃቸው ቶሎ ብላ። እፎይ አሉ።

መንገድ ላይ ክንዳቸውን ያዘች። «አባዬ፣ እጀታው እኮ ብርቱካናማ ነው። ሣር ላይ ቢወድቅ እንዳይጠፋ ብለው ነው እንደዚያ ያደረጉት።»

አለቀ፣ አሉ በሆዳቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«አምና ከፊት ከፊትህ እየሄድኩ ቅጠል ሳንኮሻኩሽ፣ ‹ዝሆን! አውሬውን ሁሉ አባረርሽው!› ብለህ ቀኑን ሙሉ ስትሰድበኝ ምን መስሎህ ነው? ድምፄን ተከትለህ እንድትመጣ ነበር እኮ። ዘንድሮም እንወጣለን። እኔ እተኩሳለሁ፣ አንተ ትገፍፋለህ።»

ንስሩ ጥቂት እንደተራመዱ ክንዷን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«እንግዲያው ዘንድሮ ረገጥ ረገጥ አድርጊ» አሉ። «አምና አንዳንዴ ትጠፊብኝ ነበር።»