ያልተከፈለው ርስት

«ዕውሩ መጣ» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ ቀስ ብላ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሞርቪዝ ከእናቷ ከገነሪስ ሬሳ ላይ ቀና ስትል፣ ሪሪድ ደፉን በበትሩ እየነካካ ገባ። ሪሪድ በአባት ወንድሟ ነው። ይህን ቤት ከረገጠ አሥራ ሁለት ዓመቱ።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ለቀስተኛው የሟቿን ጠጅ እየጠጣ ይንሾካሾካል።

«ምን ሊያደርግ መጣ?»

«መሞቷን በእጁ ሊያረጋግጥ ነዋ።»

ሪሪድ የሬሳውን ፊት ዳሰሰ። ጣቶቹ የተከደኑት ዐይኖች ላይ ቆዩ።

«አርጅታለች» አለ። «እኔ ሳያት ቆንጆ ነበረች።»

አባታቸው ማዶግ ሲሞት ሁለት ወንዶች ትቶ ነበር፤ ከሌላ ሴት የወለደውን የሃያ ዓመቱን ሪሪድንና የገነሪስን ልጅ፣ ሕፃኑን ቲዲርን። በእኛ አገር በፖዊስ ሕግ፣ አባት ልጄ ካለው ዲቃላም እኩል ይካፈላል። ሴት ግን መሬት አትወርስም፤ ዕውርም አይወርስም። ገነሪስ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ማዶግ በተቀበረ በሳምንቱ የአሥራ አራት ዓመቷን ሞርቪዝን፣ «ሂጂ፣ ፈረስህ ወድቋል ብለሽ ወንድምሽን ጥሪልኝ» አለቻት።

ሞርቪዝ ጠራችው። እሷ ስለጠራችው እየሮጠ መጣ። ጋጣው ውስጥ አራት ሰዎች ብረት አግለው ይጠብቁት ነበር።

ርስቱ ሳይከፈል የተረፈለት ቲዲር ደግሞ ባለፈው መኸር በትኩሳት ሞተ።

በማግስቱ ገነሪስን ቀብረው ሲመለሱ፣ የማዶግ ወንድም ካዱጋን የሟቿ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሞርቪዝ፣ ልጄ፣ ቁልፎቹን አምጪ።»

«አጎቴ፣ አፈሩ እንኳ አልደረቀባትም።»

«በዚህ ዝናብ መቼ ሊደርቅ?»

ሰዎች ሳቁ። ካዱጋን እጁን እንደዘረጋ ቀጠለ። «ሪሪድን ባታሳውረው ኖሮ ዛሬ ቤቱ የሱ ነበር። አንቺም ከወንድምሽ ጋር ትኖሪ ነበር። እኔ ምን አገኝ ነበር? ነፍሷን ይማር፤ እንደሷ የጠቀመኝ ሰው የለም።»

ሞርቪዝ ቁልፎቹን እጁ ላይ አኖረችና ወጣች። ሪሪድ ግቢው በር ላይ ቆሟል። እርምጃዋን ሰማ።

«ሞርቪዝ ነሽ?»

«ነኝ።»

«የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያን ቀን ስትጠሪኝ ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ነበር ብትለው ያምናት ነበር።

«ከጋጣው ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ» አለች። «እናቴ ብረት ስታስግልም ሰምቻታለሁ።»

ሪሪድ በትሩን ጭቃው ውስጥ ተከለ።

«ሕፃን ናት፣ አታውቅም ብዬ ነበር» አለ። «ከዚህ ቤት የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ዞሮ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ዝናቡ መንገዱን ሸርሽሮት ነበር። ሞርቪዝ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ እንዳይሰማት በሣሩ ላይ ቀደመችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከፊቱ ያለውን ድንጋይ አንስታ ከመንገዱ ዳር አኖረች።