በቴምር የተደፈነ ቀዳዳ

እስክንድርያ ውስጥ ባለ አንድ የጥጥ ነጋዴዎች ሕንፃ፣ ናሙና በሚታይበት አዳራሽ ጣሪያ ላይ ቀይ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ቱቦው በየጥቂት እርምጃው የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለው። በእነዚያ ቀዳዳዎች አየር እየሳበ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ሳጥን ያቀብላል፤ ሳጥኑ ያሸታል፤ ጭስ ከሸተተው ይጮኻል። ጥጥ ክፉ ነገር ነው፤ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ሲነድ ያድራል። ስለዚህ ለጥጥ ቤት ከዓይን ይልቅ አፍንጫ ይሻላል ተብሎ ነው መሣሪያው የተገዛው።

ነርሚን በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣች ይህን አፍንጫ ትፈትሻለች። ኢድ ባለፈ በሳምንቱ መሰላሏንና የጭስ ክብሪቷን ይዛ ስትገባ፣ እንደ ወትሮው በሩ ላይ የተቀበሏት አጎቷ ሐጂ ዱሱቂ ነበሩ። ሐጂ የአዳራሹ የሌሊት ዘበኛ ናቸው። አባቷ ሲሞት ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበርና፣ የእናቷ ወንድም ዱሱቂ ናቸው ቦርሳዋን ተሸክመው ትምህርት ቤት ያመላለሷት። ዛሬም ሌሊቱን ጠብቀው ወደ ቤታቸው መሄድ ሲገባቸው፣ እሷን ብለው ቀርተዋል።

“ኢንጂነሯ መጣች! ኧረ መንገድ ልቀቁ!” አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሻይ አፍልቻለሁ። ቶሎ ጨርሺና ነይ፤ ደግሞ እንደ እናትሽ ነገር አታብዢ።”

ኡስታዝ ሪፍዓት፣ የሕንፃው ኃላፊ፣ ከኋላቸው ብቅ አለ። ነገ የመድን ድርጅቱ ሰዎች ይመጣሉና ፍተሻው ዛሬውኑ እንዲያልፍለት ቋምጧል። ይህ ሰው አምና አንድ ትእዛዝ አውጥቷል፤ ሳጥኑን ዝም አሰኛለሁ ብሎ ቱቦውን የነካ ሰው በማግስቱ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አይውልም የሚል። ትእዛዙ የወጣበት ምክንያት በነርሚን ቤት ሁሌም ያስቃል። አምና በረመዳን የመጀመሪያ ቀን፣ ጥጡን በጣታቸው እየዳሰሱ ደረጃ የሚያወጡት መዳቢዎች አዳራሹ ውስጥ አብረው ሊያፈጥሩ ተቀመጡ። የማፍጠሪያው መድፍ ተተኮሰ። አንዳንዱ ውሃ ከመቅመሱ በፊት ሲጋራውን ለኮሰ፤ ቀኑን ሙሉ የጾመ አጫሽ ምን ይባላል? ሳጥኑም ጮኸ። ሕንፃው በሙሉ በባዶ ሆዱ አስፋልት ላይ ወጣ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ሪፍዓት አበደ።

ዘንድሮ ግን ረመዳን በሰላም አለፈ። ሐጂ በኢዱ ቀን እነነርሚን ቤት ዓሣቸውን እየበሉ፣ “ዘንድሮ ማሽንሽም አብሮን ጾመ፤ ትንፍሽ አላለም!” ብለው ነበር። እሷም ከሁሉ በላይ ስቃ ነበር።

ፍተሻው ልማድ አለው። ጭስ የሚሰጠው ከሳጥኑ በጣም ለራቀው፣ ለመጨረሻው ቀዳዳ ነው። እሱ ካሸተተ የቅርቦቹ መቼም ያሸታሉ ይባላል። ነርሚን እዚያው ጥግ መሰላሏን አቆመች፣ ወጣች፣ ክብሪቷን ለኩሳ ጭሱን ለቀዳዳው ሰጠች። ገና በወጉ ሳትወርድ ሳጥኑ ጮኸ።

“አላሁ አክበር!” አለ ሪፍዓት እያጨበጨበ። “ከአምናው ፈጠነ! ፋህሚ፣ ባስቡሳ ይምጣልን!”

ከመዳቢዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው ፋህሚ ጣፋጭ ሊያዝ ተነሣ። ሐጂም ፈገግ አሉ። ነርሚን ብቻ መሰላሉ ግማሽ ላይ ቆማ ቀረች። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይሉ የለ? አሮጌ ቱቦ አቧራ ጠጥቶ ይዘገያል እንጂ እያደር አይፈጥንም። የሩቁ ቀዳዳ አየር የሚበረታለት፣ የቅርቦቹ መሳብ ሲያቆሙ ነው። ቀና ብላ ቱቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ቱቦው ከሳጥኑ አጠገብ፣ አጎቷ ሌሊት ጋደም ከሚሉበት አሮጌ ሶፋ በላይ ያልፋል። መዳቢዎቹም የሚያፈጥሩት እዚያው ሥር ነው። “ማሽንሽም አብሮን ጾመ” ያሉት ትዝ አላት።

መሰላሉን ጎትታ ሶፋው ዘንድ ስታቆመው ሐጂ ተጠጓት።

“ነርሚን፣ ልጄ፣ አለፈ እኮ። ማለፉን ኃላፊውም መሰከረ። ሻዩ ቀዘቀዘ።”

“አንዴ ልየው፣ አጎቴ።”

“ምኑን ነው የምታይው? ቀዳዳ እኮ ነው። ቀዳዳ አይተሽ አታውቂም?”

ወጣች። የመጀመሪያው ቀዳዳ ጥቁርና ደረቅ ነገር ተወትፎበታል። ሁለተኛውም፣ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። በጣሪያው ጠርዝ ጉንዳን ተሰልፎ ወደዚያው ይጓዛል። በጥፍሯ ፋቅ አደረገችና አሸተተችው። የተጨፈለቀ ቴምር ነው፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከኢድ በኋላ አነሣዋለሁ ተብሎ የተረሳ ነገር መሆኑ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስበው፤ ያም ሰው አሁን መሰላሉን ደግፎላት ቆሟል።

የፀጉሯ መርፌ እጇ ላይ ነው። ጠረግ ጠረግ አድርጋ “አቧራ ነበር” ብላ ብትወርድ ማንም አይጠይቃትም። በእውነት ልታደርገው ነበር። መርፌውን እስከ ቀዳዳው አድርሳለች። ከዚያ ወደ ታች ስታይ ሶፋው ላይ የአጎቷ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ራስጌው ልክ በተደፈነው ቀዳዳ ሥር ነው። ዛሬ በዝምታ ብትጠርገው የሚመጣው ረመዳን ሌላ ቴምር ይዞ ይመጣል። አጎቷን እንደ እጇ መዳፍ ታውቃቸዋለች፤ ያልተያዙበትን ነገር አይተዉም።

መርፌውን ፀጉሯ ላይ መልሳ ሰካች። ክብሪት ለኮሰች።

“ኡስታዝ ሪፍዓት፣ እዚህ ጋ ተመልከቱልኝ።”

ጭሱ የተደፈነውን ቀዳዳ እየታከከ ተንቀለቀለ። ሁሉም ወደ ሳጥኑ ዞረ። ሳጥኑ ዝም። ክብሪቱ እስከ ጣቷ ነደደ፤ ሳጥኑ አሁንም ዝም።

“ምንድን ነው እሱ?” አለ ሪፍዓት።

“ተደፍኗል። አላለፈም።”

“በምን?”

ፍርፋሪውን መዳፉ ላይ ጣል አደረገችለት። አገላብጦ አየውና ፊቱ ደም መሰለ። “ማነው ይህን ያደረገው?”

ሲጋራቸውን እዚሁ ቀዳዳ ሥር ወር ሙሉ ያጨሱት ጀግኖች፣ ፋህሚን ጨምሮ፣ በድንገት ሥራ በዛባቸው። ጥጥ ከተወለዱ አይተው እንደማያውቁ ሁሉ እየቦጨቁ ለብርሃን ያሳዩት ጀመር። ዝም አይነቅዝም።

“እኔ ነኝ” አሉ ሐጂ ዱሱቂ። የተናገሩት ለሪፍዓት ነው፤ የሚያዩት ግን መሰላሉ ላይ ያለችውን ነበር። “ቦርሳሽን የተሸከምኩት ለዚህ ነው?”

“እዚህ ሥር እኮ ነው የሚተኙት፣ አጎቴ” አለች ነርሚን። ሰምተዋት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ብርድ ልብሳቸውን አንሥተው ወጥተው ነበር።

ሪፍዓት የፈለገውን ያህል ቢፎክር ሽበት ፈርቶ አላባረራቸውም። ከአዳራሹ አውጥቶ የታችኛው በር ጠባቂ አደረጋቸው። ለእሳቸው ግን ከመባረር አላነሰም። ከመዳቢዎቹ ጋር ማምሸቱ፣ ቀልዱ፣ ሻዩ ቀረ። ነርሚን ቤታቸው ስትሄድ ተኝተዋል ይባላል፤ ስልክ አያነሡም። እናቷ፣ “ከወንድሜ አቆራረጥሽኝ፤ ደስ ይበልሽ” አለቻት። ደስ አላላትም። ትክክል መሥራቷን አንድ ቀን አልተጠራጠረችም፤ ያም ቢሆን አጎቷን እንዳጣች ነው የሚሰማት።

በዓመቱ ፍተሻው ቀደም ተደርጎ ረመዳን ውስጥ ገባ። ሁሉንም ቀዳዳ አንድ በአንድ አይታ ስትጨርስ የመግሪብ ሶላት ደርሶ ነበር። ስትወርድ የታችኛው በር ጋ ሰው ተሰብስቧል። መዳቢዎቹ ላይኛው አዳራሽ ውስጥ ማጨስ ስለማይችሉ ሳህናቸውን ይዘው ወርደው፣ በሐጂ ዱሱቂ ወንበር ዙሪያ ካርቶን አንጥፈዋል። መድፉ ሲተኮስ ፋህሚ ሲጋራውን ለኮሰ። ነርሚን ዓይኗን ሰብራ ልታልፍ ስትል፣

“ላይ እንዴት ነው?” የሚል ድምፅ ሰማች። አጎቷ ናቸው፤ የሚያዩት አስፋልቱን ነው።

“ደህና ነው። አልፏል።”

“ከሶፋው በላይ ያለውስ?”

“እሱን ነው መጀመሪያ ያየሁት።”

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አዲሱ ዘበኛ ልጅ እግር ነው። እንቅልፉ ደግሞ ሞት ነው፤ ቢያንከባልሉት አይሰማም። ሁሌም እሱን መጀመሪያ እዪው።”

“እሺ፣ አጎቴ።”

ከሳህኑ አንድ ቴምር አንሥተው ፍሬውን በጣታቸው አወጡና እጃቸውን ዘረጉላት።

“እንኪ” አሉ። “ይኼኛው የሚበላው ነው።”