የገበጣው አምስተኛ ጉድጓድ

በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. በበጋ፣ ከአዳማ ወጣ ብሎ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር የነበረውን ደገፋን አፈር ዋጠው። የተናደበት ጠዋት ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ሰዉ ደረቱን እየደቃ ያለቅስ ጀመር። ሽማግሌው ኦቦ ሰንበታ መቆፈሩን ከለከሉ፤ አፈሩ ገና ይናዳል፣ ለሬሳ ብለው ሌላ ሰው አይገብሩም።

ፓሪስ ተምሮ የተመለሰው ገሠሠ ከዚያ ይዞት የመጣውን የስልክ መናገሪያ አፈሩ ውስጥ ቀብሮ፣ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ለቅሶው፣ የአህያ ኮቴው፣ ነፋስ የሚያርገበግበው ሽቦ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይንጫጫል። ከዚያ ሥር ኳ፣ ኳ የሚል ነገር ያለ መሰለው። መሰለው እንጂ እርግጠኛ አልነበረም። ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲህስ በምን እርግጠኛ ሆኖ ያውቃል?

«ኦቦ ሰንበታ፣ ለቅሶውን ያስቁሙልኝ።»

«የፈረንጅ ተማሪ ሙት ሊያናግር ነው!» አለ አንዱ።

የደገፋ ሚስት ዲንቄ ዞረችበት። «ዝም በሉ! እኔ ሳላለቅስ እናንተን ማን አስቀደማችሁ?»

አህዮቹ ተነዱ። ሽቦው ላይ አፈር ተጫነበት። ገሠሠ ገበጣ አስመጣ። ኦቦ ሰንበታ መሬቱን በዘነዘና ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ እሱ እስከ ስድስት ይቆጥራል፤ ድምፅ ሲሰማ በቆጠረው ቁጥር ጉድጓድ ጠጠር ይጥላል።

«ጫጫታ ከሆነ ጠጠሩ ይበታተናል፤ መልስ ከሆነ አንድ ቦታ ይከመራል።»

«ጠንቋይም እንዲሁ ጠጠር ይጥላል» አሉ ኦቦ ሰንበታ፤ ግን መቱ።

ሦስት ሦስት ጊዜ እያደረጉ አርባ ዙር መቱ። ጠጠሩ እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት ሆነ፤ አምስተኛው ጉድጓድ ግን ሞልቶ ፈሰሰ።

«ቆፍሩ!» አሉ ሽማግሌው።

ጀምበር ሳትጠልቅ ደገፋን በሕይወቱ አወጡት። ሁለት ድንጋዮች ተደጋግፈው ለራሱ መተንፈሻ ትተውለት ነበር፤ ከአንገቱ በታች ግን አፈሩ ጠፍሮት፣ እጆቹ ከጎኑ ተጣብቀው ቀርተዋል። ገሠሠ እጆቹን አይቶ ጠየቀው።

«እንዴት አድርገህ አንኳኳህ?»

«እኔ? ጣቴን መች አንቀሳቀስኩ። ስትመቱ እሰማ ነበር። ያኛውንም እሰማ ነበር።»

«የቱን?»

«ከእግሬ ሥር ሆኖ የሚመልስላችሁን።»

ዲንቄ ባሏን ደግፋ ሄደች፤ ሰዉም ተከተላት። ገሠሠ ማዳመጫውን አነሣ። ምንም ጫጫታ አልቀረም።

«ኦቦ ሰንበታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይምቱልኝ። እርግጠኛ ልሁን።»

ሽማግሌው ዘነዘናውን ከጋቢያቸው ሥር ሸሸጉት።

«አልመታም፣ ልጄ። ከመለሰ ማን ይቆፍርለታል?»