የጥንቸሉ ጥቁር ልብስ

«እማዬ፣ ለጆቴ ጥቁር ልብስ ስፊለት» አለችኝ ልጄ ዲንቄ።

እግሬ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እንዳለ ቆመ። ጆቴ ጥንቸሏ ነው። ሚሲዮኑ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ የሰጠቻት፣ ሆዱ በጥጥ የተሞላ፣ አንድ ጆሮው የተንጋደደ አሻንጉሊት። በ1970 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ እንደ እሱ የሚለብስ አልነበረም ብል አላጋነንኩም። አገሩ ሁሉ ካኪ ለባሽ ሲሆን እሱ ባለ አበባ ሸሚዝ፣ ቀይ ሹራብና ባለ ኪስ ሱሪ ነበረው። የምንተዳደረው በእኔ ስፌት ስለሆነ ብጣሽ ጨርቅ በተረፈኝ ቁጥር ለእሱ ነው። የምማረረው በጆሮዎቹ ብቻ ነበር፤ አንገቱ ጠበብ ያለ ልብስ ከሰፋሁለት በጭራሽ አያልፉም።

«ቀይ አለው፣ ሰማያዊ አለው። ጥቁር ምን ያደርግለታል?» አልኳት።

«አባቱ ሞቷል።»

ጨርቁን ከመርፌው ስር አወጣሁ።

ባለቤቴ ወዬሳ አስተማሪ ነበር። ከክፍል አውጥተው ወስደው አሰሩት፤ እኔም በየቀኑ ስንቅ አመላልስለት ነበር። አንድ ጠዋት በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳህኑን አልቀበልም አለኝ። የወዬሳን ልብስና ጫማ በጥቅል አስታቀፈኝና «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያን ጊዜ ለማንም አይነገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ድንኳን መትከል የማይታሰብ ነው። ጥቁር መልበስ ክልክል ነው። ለፀረ አብዮት ያለቀሰ እሱም ፀረ አብዮት ነው ተብሎ በስብሰባ ተነግሮናል። የገዛ እህቴ ከወለንጪቲ ድረስ መጥታ ስለ ዝናብ አውርተን ተለያየን! ምን ዓይነት ጉድ ነው? ሴትን ባሏን ገድለውባት አፏንም ይለጉሙባታል?

ለዲንቄ «አባትሽ ለሥራ ወደ አርሲ ነገሌ ተዛወረ» አልኳት። ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሰፈር ውስጥ አንዲት ቃል ቢያመልጣት ሁለታችንም አለቀልን። ደግሞም ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

«የማን አባት ነው የሞተው?» አልኳት እንደ ምንም።

«የጆቴ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ አርሲ ነገሌ ሄደ አላልሽም? ታዲያ ሱሪው ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል? ጫማውም አለ። በባዶ እግሩ ነው የሚያስተምረው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንቺ ጥቁር መልበስ አትችዪም። እኔም አልችልም። ጆቴን ግን ቀበሌ አልመዘገበውም።»

ልቆጣት አሰብኩ፤ በምን አፌ? ተነስቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። የወዬሳን ኮት አወጣሁና ጥቁር ገበሩን ተረተርኩት። ጠረኑ ገና አልለቀቀውም። አንገቱ ሰፊ፣ እጅጌው ሰፊ፣ እስከ እግሩ የሚደርስ ልብስ ሰፋሁለት። ጆሮዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ትግል አለፉ። ዲንቄ አለበሰችውና አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቡም ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት እንደምትቀመጥ ትልቅ ሴት ነበር አቀማመጧ።

«ከቤት እንዳታወጪው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

እኔ ሞኟ ክፉ ነገር ያለው ውጭ ብቻ መስሎኛል! በሦስተኛው ቀን በራችን ሳይንኳኳ ተከፈተና «አካም ጂርቱ?» የሚል ድምፅ ገባ። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጉዲቱ ናት። አብዮቱ ሳይመጣ እትዬ ጉዲቱ ነበረች፤ ክርስትናም ሠርግም አብረን በልተናል። አሁን ጓዲት ጉዲቱ ሆና፣ ማን እንዳለቀሰና ማን ከል እንደለበሰ ቤት ለቤት ትቃኛለች።

«ደህና ነን፣ ጓዲት። ይቀመጡ» አልኳት።

አልተቀመጠችም። ዓይኗ ግድግዳውን፣ ሳጥኑን፣ ቀሚሴን ዳሰሰና አልጋው ላይ ቆመ። ሄዳ ጆቴን አነሳችው።

«ጥቁር?» አለች። «እዚህ ቤት ማን ሞቶ ነው?»

ብጣሽ ጨርቅ ነው ልላት አሰብኩ። ገበሩ የተተረተረው ኮት ግን መኪናው ላይ ተዘርግቷል። በቃ፣ ዛሬ እኔን ይወስዱኛል፤ ልጄ ብቻዋን ቀረች አልኩ።

ዲንቄ ከአልጋው ወረደች። ተንጠራርታ የጥንቸሉን እጅጌ አስተካከለችለት።

«ማንም አልሞተም። ተመርቆ ነው። ይሄ ጋዋን ነው።»

ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀሉትን ተመራቂዎች አይታ ይሆናል። ጉዲቱ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። «እሺ፣ በምን ተመረቀ?»

«በማርክሲዝም ሌኒኒዝም» አለች ልጄ፣ ሳትንተባተብ።

ጉዲቱ በሳቅ ፈነዳች። «ወይ አንቺ! እንዲህ ነው ንቃት ማለት!» አለች። የጥንቸሉን እጅ ጨብጣ «እንኳን ደስ አለህ፣ ጓድ!» ካለችው በኋላ፣ «ይህንማ በስብሰባ ላይ ሳልናገር አልቀርም» እያለች ወጣች።

እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። ያ ጥበቃ ልብሱን ሲያስታቅፈኝ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ዓይኗን ሳታርገበግብ ዋሸች፤ ያውም እኔን ለማትረፍ! አባቷ ለትንሽ ቅጥፈት ጥግ ያስቆማት ነበር። ልሳማት ወይስ ልገስጻት? ፈራኋት። እውነቴን ነው፣ የገዛ ልጄን ፈራኋት።

እሷ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ ጉዲቱ ከመንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ቀረቀረች፣ ጆቴን ከአልጋው አነሳችና መጥታ ጎኔ ውሽቅ አለች።

«እማዬ፣ መኪናውን ርገጪው።»

«ምን ልስፋ?»

«ምንም። አንቺ ልታለቅሺ ስትዪ እንደምትረግጪው። ዛሬ እኔ ላልቅስ።»

መርፌው ስር ጨርቅ አልነበረም። የመኪናው ጩኸት ቤቱን እስኪሞላ ፔዳሉን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት፤ ልጄም ፊቷን ጥቁሩ ልብስ ውስጥ ቀብራ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ጮኸች።