የእናቴ ወገብና የጋሽ እንግዳው ጥየቃ

እናቴ በላይነሽ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ስታነሣ አከርካሪዋ ተሰበረ። «በሰባ አንድ ዓመቷ አጥንቷ ሳስቷል» አለኝ ዶክተር ኢሀብ። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ሐኪም ነው፤ እኛ የምንኖርባት የሱዳኗ ገዳሪፍ የሚውለው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።

«በሚቀጥለው ሐሙስ በመርፌ ገብቼ የተሰበረውን በአጥንት ሲሚንቶ እሞላዋለሁ፤ ማታውኑ ትቆማለች። እስከዚያ ግን ትተኛ። ጎንበስ ቀና ካለች አጥንቱ ጨርሶ ይጨፈለቅና መርፌ የሚገባበት ቦታ አይኖርም።»

ሰባት ቀን መተኛት ብቻ። አርብ ጠዋት ጋሽ እንግዳው መጡ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰው ታመመ ሲባል ከአምቡላንስ ይቀድማሉ።

«በላይነሽ፣ በሞቴ እንዳትነሺ!» አሉ ገና ከበሩ።

እናቴ ደግሞ በሞቴ ካሏት ትነሣለች። «ኖር!» ብላ ከገመድ አልጋዋ፣ ከአንገረቡ ላይ ተነሥታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። ፊቷ በላብ ተጠመቀ። እሳቸው «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ።

ስሸኛቸው «ነገ አይምጡ» አልኳቸው።

«ተማርሽና ሰው ጠላሽ? አትነሺ አልኳት እኮ!»

«እሱ ነው የሚያስነሣት።»

ለእናቴ አጥንቱን ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋት። «ገባኝ» አለች። ከዚያ ለሚቀጥለው ጠያቂ ተነሣች።

«እማዬ!»

«ታዲያ ሰው ሲመጣ ተጋድሜ ልቀበል? ሬሳ ነኝ?»

እስከ እሑድ ማታ ዘጠኝ ጊዜ ተነሣች። ሰኞ ጠዋት በገዛ ነጠላዋ ከአንገረቡ ጋር አሰርኳት። ጋሽ እንግዳው ገብተው ክው አሉ።

«ምን አድርጋ ነው የታሰረችው?»

«ተነሥታ» አልኩ።

እናቴ በኀፍረት ዓይኗን ጨፈነች። ማታ ሰፈሩ «በላይነሽ አብዳለች» አለ፤ ረቡዕ ጸበል ይዘው መጡ።

ሐሙስ ዶክተር ኢሀብ አዲሱን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «ተጨፍልቋል። መርፌዬ ግን በጭንቅ ይገባል። ሌላ አንድ ቀን ጎንበስ ቀና ብትል ኖሮ አልነካትም ነበር።»

ወገቧን ብቻ አደንዝዞ በደረቷ አስተኛት። መርፌውን ይዞ ሲመጣ «ኖር!» ብላ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ነርሷ መልሳ አስተኛቻት። በአርባ ደቂቃ አለቀ። ማታ እናቴ ቆመች፤ ሕመሙም ለቀቃት።

«እንደ ልብሽ ሂጂ» አላት ዶክተሩ። «ማጎንበስ ግን ለሦስት ወር ክልክል ነው።»

ቅዳሜ ጋሽ እንግዳው «እንኳን ማረሽ» ሊሉ መጡ። እናቴ ተነሣችና እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብላ «ኖር!» አለች። ጋሽ እንግዳው እስክታጎነብስ ጠበቁ። ሳታጎነብስ ስትቀር «በእግዜር» እንኳ ሳይሉ ወጡ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «በላይነሽ ሲሚንቶ ከገባላት ወዲህ ኮርታለች» ሲሉ ሰማናቸው።

ስትሰበር ያላለቀሰች እናቴ ያን ቀን አለቀሰች።

«ትንሽ ብቻ፣ ለእሳቸው ብቻ ባጎነብስ?»

ነጠላውን አንሥቼ አሳየኋት።