የተወጋው ሳጥን

የልጅ ልጄ ዓለሚቱ ስኳር በሽታ አለባት። መድኃኒቷ ሙቀት አይችልም፤ ቤታችን ደግሞ ስማዳ ቆላ ነው፤ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ስለዚህ የወገዳ ጤና ጣቢያ ነርሷ ሕሊና መድኃኒቱን የምንይዝበት ነጭ ሳጥን አዋሰችን።

«አባቴ፣ ግድግዳው ውስጥ ከፀጉር በጣም የቀጠነ ንብርብር አለ» አለችኝ። «በመሐሉ ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ሙቀት መሻገሪያ ያጣል። በረዶው እስከ ሰንበት ይቆይላችኋል።»

ነገሩ ብዙም አልገባኝም። ሳጥኑን ዳበስሁት። ውስጡ በረዶ ሞልቶ ውጪው አይቀዘቅዝም። አመንሁ።

ሳጥኑ ማንገቻ የለውም። ልጄ ንጉሴ፣ የዓለሚቱ አባት፣ ኮርቻ ሰፊ ነው፤ እጁ አያርፍም። አህያችንን እየነዳን ወደ ቤት ስንመለስ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አረፍ ስንል የሳጥኑን ጎኖች በወስፌ ወጋና ጠፍር ሰፋበት።

ፍስ አለ።

«ምኑ ነው የተነፈሰው?» አልሁት።

«አባባ፣ ጎማ መሰለዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ከአህያዋ ላይ እንዳይወድቅ ነው። እኔ የሰፋሁት አይፈታም።»

ጭነን ወረድን። ከኋላ እየተከተልሁ ሳጥኑን አያለሁ። ጥቂት እንደሄድን ውጪው እንደ እንስራ አላበው። ብዳብሰው ቀዘቀዘኝ። ለንጉሴ አሳየሁት። ሳቁ ጠፋ። ቀዳዳውን በሰም ደፈነ፤ እኔም ጋቢዬን አለበስሁት። የገባውን አየር ግን ማን ያወጣዋል?

ቤት ስንደርስ በረዶው ቀልጦ ውሃው ለብ ብሏል። ስልክ የሚሠራበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለሕሊና ደወልሁ።

«የመድኃኒቱ መልክ ተለውጧል?» አለችኝ።

«አልተለወጠም። ጥሩ ውሃ ይመስላል።»

«ተበላሽቶም እንደዚያው ሊመስል ይችላል፣ አባቴ። ሌላ መድኃኒት ደግሞ መኪናው የሚመጣበት መንገድ እስኪከፈት የለኝም። ለጊዜው እሱኑ ውጓት። መድኃኒቱ ካልሠራ ውሃ ይጠማታል፤ ጥሙ ከጠናባት ይዛችኋት ኑ።»

«መጥተን ምን ትሰጭናለሽ?»



የዓለሚቱ እናት ብርሃኔ መድኃኒቱን ወጋቻት። ንጉሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠፍሩን ሊፈታ ይታገላል። አጥብቆ ሰፍቶታልና እንቢ አለው።

እኔ ዓለሚቱን አያለሁ። ተነሥታ ወደ እንስራው ሄደች። ጠጣች።

«አባባ፣ ምን ያዩኛል?» አለችኝ።

«ምንም፣ ልጄ።»

ጣሳውን መልሳ ነከረችው።